የሄዱት ልጆች እየመጡ ነው፤ ማን ይቀበላቸው?

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አንድ የማደጎ ልጅ ከወላይታ ተነሥቶ ቦሌ ላይ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ ስንት ወረቀት ይሠራለት እንደነበር ታውቃላችሁ? ልቁጠርላችሁ። ወላጅ ወይም ዘመድ «ማሳደግ አልቻልኩም» ብሎ የፈረመበት። ቀበሌ የመሰከረበት። ማሳደጊያው ከውጭ አገር አሳዳጊዎች ጋር የተዋዋለበት የጉዲፈቻ ውል። የሕጻናትን ጉዳይ የያዘው ሚኒስቴር «ለልጁ ይበጀዋል» ብሎ አስተያየት የሰጠበት። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያጸደቀበት። አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት። ፓስፖርት። የጤና ምርመራ ውጤት። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅና ቪዛ።

አሁን ደግሞ ያው ልጅ ሃያ ዓመት አልፎት፣ እናቱን ፍለጋ ሶዶ መናኸሪያ ሲወርድ በእጁ የያዘውን ልቁጠርላችሁ። ሦስት ወይም አራት ገጽ ፎቶ ኮፒ። አንድ የደበዘዘ ፎቶ። አለቀ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ልዩነት ነው። ልጆቹን ያወጣው መንገድ በየእርምጃው ማኅተም ነበረው። ለመመለሻው መንገድ ግን ማንም አላሰበበትም። ይህን ማስተካከል የበጎ አድራጊዎች ትሩፋት ሳይሆን፣ ልጆቹን በማኅተሙ የሸኘው መንግሥት ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕዳው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እናቶቹ እያረጁ ነው።

ለወጣት አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1997 ክረምት አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ አንዲት ሕጻን ወስዳ ስትሄድ የዓለም ካሜራ ወደኛ ዞረ። ማደጎ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎርፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄዱ። በዚያ ዓመት ለአሜሪካውያን የማደጎ ልጅ በመስጠት ከቻይና ቀጥለን ሁለተኛ ነበርን። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ የሄዱትን ሳንጨምር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የደቡብ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ በደቡብም ውስጥ የወላይታ ስም ደጋግሞ ይነሣል። ወላይታን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ከአገሪቱ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአያት መሬት ለአባት፣ የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጓሮ ነው፤ ጥቂት እንሰት፣ ጥቂት ስኳር ድንች። በልግ ከቀረ ዳሞታ ተራራ አረንጓዴ ለብሶ እያየኸው ከሥሩ ያለው ሰው ይራባል። በ2000 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለውን ስም ያኔ የሰማን ብዙ ነን። በዚያ ላይ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ሳይዳረስ የቀጠፋቸው ወላጆች ነበሩ። ልጅ የሰጠ ሁሉ ተታልሎ ሰጠ አልልም። ዓይኑ እያየ ልጁ ከሚሞትበት ይልቅ ርቆ ይኑርልኝ ብሎ የሰጠም አለ። ያን ወላጅ ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው የእሱን ጓሮ አይቶ አያውቅም።

ችግሩ ያለው ሰጪና ተቀባይ አንድ ወረቀት ላይ ፈርመው ሁለት የተለያየ ነገር መረዳታቸው ላይ ነው።

በወላይታ ገጠር ልጅን ከተማ ላለ አጎት ወይም አክስት መስጠት የተለመደ ነው። ልጁ ከተማ ገብቶ ይማራል፣ ቤት ያግዛል፣ ለጊፋታ አገሩ ይመጣል፣ ሲያልፍለት ወላጆቹን ይጦራል። የአባቱ ስም አይቀየርም። እናቱም እናቱ መሆኗ አይቀርም። አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ፈረንጆች ወስደው ያስተምሩልሻል» ሲላት እናት የሰማችው ይህንን ነው። ውቅያኖስ ማዶ ያለው አሳዳጊ የተነገረው ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ወላጅ የለውም፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፣ ያለፈው ሁሉ አለቀ።

የሚገርመው የራሳችን ሕግ ወደ እናትየው አረዳድ ያደላ መሆኑ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል፤ የትውልዱ ትስስር ግን አይጠፋም። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ በዚያ ባህል ልጅ የሚሰጠው በአደባባይ፣ አገር እያወቀ ነው። በአማራው አካባቢም «የጡት ልጅ» የሚባለው ዝምድና በምስክር ፊት የሚታሰር ነበር። በእኛ አገር ማደጎ ዘመድ መጨመሪያ እንጂ ዘመድ መቁረጫ ሆኖ አያውቅም። የቆረጠው የአውሮፕላኑ ትኬት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ትልቅ የኔዘርላንድስ የማደጎ ድርጅት ከኢትዮጵያ ልጅ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። ምክንያቱም ራሱ ያስጠናው ጥናት በፋይሉ የተጻፈውና በመንደሩ ያለው እውነት እንደማይገናኝ ስላሳየው ነው። «ሞተዋል» የተባሉ ወላጆች በሕይወት ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በደቡብ ካሮላይና የሚገኝ አንድ የማደጎ ድርጅት ሠራተኞች ላይ ክስ መሠረተ። ልጁ አንድም ቀን ያልኖረበት ማሳደጊያ «የእኔ ልጅ ነው» ብሎ የፈረመባቸውን ውሎች ለኤምባሲ አቅርበዋል ተብለው ነበር። ፍርድ ቤት የቀረቡት ተከሳሾች ጥፋታቸውን አመኑ። ይህን የምጠቅሰው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ዛሬ የሚመጣው ወጣት በእጁ የያዘው ያ አራት ገጽ ወረቀት ራሱ ውሸት ሊሆን እንደሚችል እንድታዩልኝ ነው።

መንግሥትም ነቅቷል፤ ዝም አላለም። በ2003 ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የፋይል ብዛት ወደ 5 አወረደ። በደቡብ ክልል በርካታ ማሳደጊያዎች ተዘጉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ከኢትዮጵያ በማደጎ የሄደች ሐና የምትባል ታዳጊ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ፣ በብርድና በምግብ እጦት ሞተች። ሁለቱም አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርዶባቸው ረጅም እስራት ገቡ። የእሷ ታሪክ ኢትዮጵያዊውን ሁሉ አሳመመው። በሚያዝያ 2009 የውጭ አገር ማደጎ ታገደ፤ ፍርድ ቤት ያጸደቀላቸው አሳዳጊዎች እንኳ የመውጫ ደብዳቤ አጥተው ከልጆቹ ጋር አዲስ አበባ ላይ ወይም ያለ ልጆቹ አገራቸው ሆነው ሲጠብቁ ከረሙ። ጥር 1 ቀን 2010 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ በሩን ጨርሶ ዘጋው። የተሰጠው ምክንያት ልጆቹ ለማንነት ቀውስና ለሥነ ልቦና ችግር እየተዳረጉ ነው የሚል ነበር።

እሺ፣ ይሁን። አዋጁ ያሰበው ግን ገና ላልሄዱት ልጆች ነው። «የማንነት ቀውስ» አለባቸው ብለን በምክር ቤት ለመሰከርንላቸው፣ ቀድመው ለሄዱት፣ ምን አደረግን? ቀውሱን የሚያቀለው አንድ ነገር ቢኖር ፋይላቸው ነው። ማሳደጊያው ሲዘጋ ፋይሉ የት ገባ?

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ በወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ ራሱ ከቦታው መነሣቱ ነው። «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» የሚለው ማኅተም ዛሬ ባለቤት የለውም፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ እኛ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነን። ወረቀቱ «ቦሎሶ ሶሬ» ይላል፤ ቀበሌው ግን ወረዳ ሲከፈል ቦሎሶ ቦምቤ ወይም ዳሞት ሶሬ ገብቶ ሊሆን ይችላል። «ዳሞት ጋሌ» የተባለው ዛሬ ዳሞት ፑላሳ ሊሆን ይችላል። ሚኒስቴሩም በሃያ ዓመት ውስጥ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፦ ሴቶች ጉዳይ፣ ሴቶች ሕጻናትና ወጣቶች፣ ሴቶችና ሕጻናት፣ አሁን ደግሞ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ። በየስሙ ለውጥ መደርደሪያ ይጓዛል፤ በየጉዞው ደግሞ አንድ ካርቶን ይቀራል። በዚህ ላይ የስሙን አጻጻፍ ጨምሩበት። በወላይትኛ የተጠራ ስም በአማርኛ ጆሮ ተሰምቶ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ በስፔን ወይም በዴንማርክ አፍ ተነቦ ሲመለስ የገዛ አባቱ አያውቀውም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለፍለጋ የመጡ ወጣቶችን በአስተርጓሚነት አጅቤ ዞሬያለሁ። ለፍሪላንስ ጋዜጠኛ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚገኝ ሥራ ነው። የአንዱን ላውጋችሁ። ስሙን፣ የመጣበትን አገርና ቀበሌውን አልናገርም፤ የእሱና የእናቱ ነው።

መጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተሰጠን መልስ በትሕትና ነበር፦ «ፋይሉ እኛ ጋ የለም።» ወደ ሌላ መራን። ሌላውም ወደ መጀመሪያው መለሰን። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ትተን ፎቶውን ይዘን በገበያ ቀን ሰው መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነው በፎቶው ነው። አንዲት አሮጊት ሕጻኑን ሳይሆን ከሕጻኑ ጀርባ ያለውን ቤት አወቁት፤ «ይኼ የእነ እገሌ በር ነው» አሉ።

በሩ ላይ ስንደርስ እናቱ በሕይወት ነበሩ። ልጁ በያዘው ወረቀት ላይ ግን ከእናት ስም ፊት ለፊት «ሟች» ይላል።

እናትየው ብዙ አላለቀሱም። እኔን ነው ያዩኝ። «ልጄ፣ ንገረው» አሉኝ፤ «አልሸጥኩትም በለው። ጣቴን ቀለም ነክረው አንድ ወረቀት ላይ አስነክተውኛል፤ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ተምሮ ይመጣልሻል ነው ያሉኝ።» ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘውን ጥያቄ አወጣ፦ ወንድሙ ቀርቶ እሱ ለምን ተሰጠ? «አንተ ትንሹ ነበርክ» አሉት፤ «ትንሹን ነው የሚፈልጉት አሉኝ።»

ከዚያ የፈረሙበትን ወረቀት ለማየት ጠየቁ። የጣታቸው አሻራ ያለበት ገጽ በእሱ ፎቶ ኮፒ ውስጥ የለም። ያለው «ሟች» የሚለው ገጽ ነው። እሱን አንብቤ በወላይትኛ መንገር ነበረብኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ከሞትኩ ታዲያ የማዳበሪያ ዕዳ ለምን ይጠይቁኛል?» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ፣ ትርጉሙን ሳይጠብቅ።

እኚህ ሴት የጠየቁት ገንዘብ አይደለም። ካሣም አልጠየቁም። የጠየቁት ጣታቸውን ያሳረፉበትን ወረቀት ማየት ነው። ልጁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ እናቱን በወረቀት የገደላት ማን ነው? ሁለቱም መልሱን ማግኘት የሚችሉት ከአንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ደግሞ የማንም ሳይሆን የእነሱ ነው።

ሌላም በየመደርደሪያው የተቀመጠ ነገር አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ልጅ የወሰዱ አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየጊዜው ሪፖርት እንዲልኩ ያስገድድ ነበር፤ ልጁ እንዴት እንዳለ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ከፎቶ ጋር። ጥሩ አሳዳጊዎች በየዓመቱ ልከዋል። ያነጋገርኳቸው እናቶች ግን አብዛኞቹ አንድም ፎቶ አልደረሳቸውም። እስቲ አስቡት፦ የልጅሽ የስድስት፣ የሰባት፣ የስምንት ዓመት ፎቶ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ኪንዶ ኮይሻ ላለሽው ለአንቺ ሳይደርስ ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ። ልጁ አድጎ ሲመጣ «ለምን አልጻፍሽልኝም?» ይላታል። እሷም «አንተ ለምን አልጻፍክልኝም?» ትለዋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የትም አገር ያልተሠራ ነገር ጠየቅን እንዳይባል ደቡብ ኮሪያን ላንሣ። ከእኛ በፊት፣ ከእኛም እጅግ በሚበልጥ ቁጥር፣ ልጆቿን ለውጭ ማደጎ የሰጠች አገር ናት። እዚያም ወላጅ ያላቸው ልጆች «ወላጅ አልባ» ተብለው ተመዝግበው ሄደዋል። ልጆቹ አድገው ሲመጡ መንግሥት መጀመሪያ አላያቸውም ነበር። እነሱ ግን መጮኻቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በማደጎ የሄዱት የያዙትን ዜግነት ሳይተዉ የኮሪያ ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከ2020 ጀምሮ በሚኖሩበት አገር ባለው የኮሪያ ኤምባሲ ገብተው የዲ.ኤን.ኤ. ናሙና መስጠት ይችላሉ። በ2025 የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን መንግሥት ለተፈጸመው ጥሰት ኃላፊነት እንዳለበት አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በግል የማደጎ ድርጅቶች እጅ የነበረው ፋይል ወደ አንድ የመንግሥት ተቋም እንዲሰበሰብ ተደረገ። ኮሪያ ይህን ሁሉ ያደረገችው አሥርት ዓመታት ዘግይታ፣ ብዙ እናቶች ከሞቱ በኋላ ነው። እኛ ገና ጊዜ አለን። የእኛዎቹ እናቶች ብዙዎቹ አርባና ሃምሳ ዓመት ውስጥ ናቸው።

በእኛ አገር ክፍተቱን እየሞሉ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው መዝገብ፣ ልጅ የሰጡ ቤተሰቦችና ልጅ የወሰዱ ቤተሰቦች መረጃቸውን በነጻ አስገብተው እንዲገናኙ ያደርጋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ የፍርድ ቤት መዝገብ ማስከፈት አይችልም። የተዘጋ ማሳደጊያን ካርቶን «አምጡ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ያን ማድረግ የሚችለው ማኅተም ያለው ብቻ ነው።

መንግሥት የተወውን ቦታ ደግሞ ማን እንደሚይዘው እናውቃለን። ሕጋዊ መስኮት በሌለበት ደላላ መስኮት ይሆናል። ትናንት ልጅ ሲያስፈርም የነበረ እጅ ዛሬ «ቤተሰብ አገኝልሃለሁ» ብሎ በዶላር ሊደራደር ይችላል። የውሸት አክስት፣ የውሸት ወንድም ማቅረብ ከባድ አይደለም፤ ወጣቱ ቋንቋ አያውቅም፣ ልቡ ክፍት ነው፣ ትኬቱ የሁለት ሳምንት ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ በአንድ ወረቀት መታለል የለበትም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሦስቱን ልመልስ።

«ልጆቹ እኮ ተርፈዋል፤ እዚህ ቢቀሩ ምን ይሆኑ ነበር?» የሚል አለ። ብዙዎቹ በእርግጥ ጥሩ ቤት ገብተዋል። ልጁን በየጥቂት ዓመቱ ይዞ ሶዶ የሚመጣ፣ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ አሳዳጊ አለ፤ አክብሮት ይገባዋል። ግን ጠግቦ ያደረ ሰው እናቴ ማናት ብሎ አይጠይቅም ያለው ማነው? እንዲያውም የሚጠይቀው ከጠገበ በኋላ ነው።

«እናቲቱ ደብቃ የወለደች ብትሆንስ? ዛሬ ባል አግብታ ልጆች ወልዳ ብትኖርስ?» የሚል አለ። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው ፋይሉ በየሜዳው ይበተን ያላልኩት። አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ መሐል ገብቶ መጀመሪያ እናቲቱን ለብቻዋ፣ በቋንቋዋ፣ ጎረቤት ሳይሰማ «ልጅሽ እየፈለገሽ ነው፤ ፈቃድሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃት። እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበር። ዛሬ የሚደረገው ግን የባሰው ነው፦ ወጣቱ ፎቶ ይዞ በገበያ መሐል ይጠይቃል፤ ወይም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሕጻንነት ፎቶውንና የቀበሌዋን ስም ይለጥፋል። ምስጢሯን የሚያወጣባት ሥርዓት መኖሩ ሳይሆን አለመኖሩ ነው።

«አገሪቱ ስንት ችግር አለባት፤ ይኼ ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። የምጠይቀው ሕንጻ አይደለም። ልዘርዝረው፦

1ኛ. የተዘጉትም ሆነ ያልተዘጉት ማሳደጊያዎች፣ የፍርድ ቤቱና የሚኒስቴሩ የጉዲፈቻ ፋይሎች በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ፣ ፎቶ ተነሥተው በኮምፒውተር ይቀመጡ። ወረቀት በምስጥና በዝናብ ያልቃል።

2ኛ. በማደጎ የሄደ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ሙሉ ፋይሉን፣ ወላጅም የፈረመበትን ወረቀት ቅጂ የማግኘት መብት በሕግ ይጻፍ። በአንቀጽ 183 ትስስሩ አይቋረጥም ካልን ትስስሩ የሚቀጥልበትን መንገድም ማሳየት አለብን። በ2010 የተደረገው ማሻሻያ ይህን አንቀጽ አልነካውም።

3ኛ. ልጆች በብዛት በሄዱባቸው ዞኖች፣ ወላይታ አንዱ ነው፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ይመደብ። ወላይትኛ የሚናገር፣ የወረዳዎቹን የድሮና የአሁን ስም የሚያውቅ። ለማስታወቂያው የአካባቢው ኤፍኤም ይበቃል።

4ኛ. የተላኩት የየዓመቱ ሪፖርቶች ከየካርቶኑ ወጥተው፣ ልጅ የሰጡ ወላጆች ፈቅደው ሲመዘገቡ ይሰጧቸው። ይህ አዲስ ምርመራ አይጠይቅም፤ የመጣውን ደብዳቤ ለባለቤቱ ማድረስ ነው።

5ኛ. የተወለደበት አገር ወረቀት በእጁ ያለው የማደጎ ልጅ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ያለ ብዙ ምልልስ ያግኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የወጣን ልጅ እንደ ቱሪስት ቆጥሮ ማስገባት ያሳፍራል።

ይህ ሁሉ ስለ ትናንት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የውጭው በር ከተዘጋ በኋላ ማደጎ ወደ አገር ውስጥ ተመልሷል። ጥሩ ነው፤ የሕጻናት ፖሊሲውም ልጅ በአገሩ ይደግ ይላል። ነገር ግን ከተማ ላይ ልጅ ወስዶ «የወለድኩት ነው» ብሎ ማሳደግ፣ ሠፈር ቀይሮ ወረቀቱን መቅደድ እየተለመደ ነው። ከፍቅር የመነጨ እንደሆነ አውቃለሁ። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ቦሌን ሳያልፍ የጠፋ ልጅ። አያቶቻችን የጡት ልጅ ሲያደርጉ ጎረቤት የሚጠሩት አለምክንያት አይደለም። ልጁ ነገ «ማን ነኝ?» ሲል የሚመልስለት ሰው እንዲኖር ነው።

ስለዚህ በማደጎ ልጅ የምታሳድጉ ወዳጆቼ፣ ለልጁ እንደ ዕድሜው ንገሩት፤ ወረቀቱንም አስቀምጡለት። በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በሁምቦ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ከዓመታት በፊት ማሳደጊያ ውስጥ የሠራችሁ፣ በቀበሌ የመሰከራችሁ፣ በአስተርጓሚነት የዋላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለ የድሮ መዝገብ፣ ፎቶ፣ የስም ዝርዝር ካለ አትጣሉት። ጥያቄም፣ ወቀሳም ይመጣብኛል ብላችሁ አትፍሩ። ለእናንተ አቧራ የያዘ ደብተር ነው። ለአንድ ሰው ግን እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅበት ብቸኛው ገጽ ሊሆን ይችላል።